ሁከት ሲነሣ ሽጉጥ ስለ መታጠቅ
«ሊበርቲ ቫላንስን የገደለው ሰው» በተባለው ፊልም ላይ የቀረበ ትችት

«ሊበርቲ ቫላንስን የገደለው ሰው» የተባለው የአሜሪካ ፊልም በ1962 ዓ.ም. ጆን ፎርድ ያዘጋጀው፣ በጥቁርና ነጭ የተነሣ ሥራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን የምቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ብዙ ሰዎች ፊልሙን የሚያስታውሱት በጆን ዌንና በጄምስ ስቱዋርት ስም፣ ከሁሉም ይልቅ በሌሊት በመንደር መንገድ ላይ በተደረገው የተኩስ ግጥሚያ ነው። እኔ የተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ የካውቦይ ፊልም እንዳያዩ በደንብ ይከለክል ስለ ነበረ፣ ፊልሙን ያየሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ያየሁትም በአሜሪካ በቨርጂኒያ የሚኖር የእኅቴ ልጅ አንድ ጥያቄ ጽፎልኝ ሳሰላስል፣ አንድ ወዳጄ «መልሱን እዚህ ፈልግ» ብሎ ስለ ሰጠኝ ነው።

ልጁ ትንሽ የሸቀጥ ሱቅ አለው። ከፍርድ ቤት የፈቃድ ወረቀት አውጥቶ ሽጉጥ በልብሱ ሥር ታጥቆ ይውላል፤ ይህም በዚያ አገር ሕግ የተፈቀደ ነው። «ጋሼ፣» ይላል በደብዳቤው፣ «ደኅና ቀን ሲሆን አንዲት ትንሽ ሽጉጥ ትበቃኛለች። ከተማ ሲታወክ ግን፣ ሰው መስኮት እየሰበረ ሲዘርፍ፣ ፖሊስም ተጠርቶ የማይመጣ ሲሆን፣ ትልቁን ሽጉጥ ልታጠቅ? ትርፍ ካዝና ልያዝ? በመኪናዬስ ጠመንጃ ላስቀምጥ? ጓደኞቼ ሁሉ እንዲህ ያደርጋሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። በ2020 ዓ.ም. በመጀመሪያ የኮሮና በሽታ ሰውን ሁሉ አስፈራ፤ ቀጥሎም ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ ከተማ በፖሊስ እጅ ሲሞት በብዙ ከተሞች ሰልፍ፣ በአንዳንዶቹም ቃጠሎና ዝርፊያ ሆነ። በዚያ ዓመት የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ መሣሪያ ገዢዎችንና ፈቃድ ጠያቂዎችን ለማጣራት የፈጸመው ምርመራ ቁጥሩ ከ39 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። በ2022 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራስን ለመከላከል ከቤት ውጭ ሽጉጥ ይዞ መሄድ በሕገ መንግሥት የተጠበቀ መብት ነው ብሎ ፈረደ። እንግዲህ መያዝ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን ክርክር ለሕግ ዐዋቂዎች እንተወው። የልጁ ጥያቄ ከዚያ የጠበበ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ይልቅ ወደ ልብ የቀረበ ነው። የታጠቀ ሰው አገር ሲታወክ የዕለት ልማዱን ይለውጥን?

አሁን ወደ ፊልሙ። ራንሰም ስቶዳርድ የሚባል ወጣት ጠበቃ የሕግ መጻሕፍቱን ይዞ ወደ ምዕራብ ሲሄድ፣ ሊበርቲ ቫላንስ የሚባል ወንበዴ የተሳፈረበትን ሰረገላ አስቁሞ ይዘርፈዋል፤ በአለንጋም ይገርፈዋል፤ መጽሐፉንም ይቀዳድድበታል። ሺንቦን በምትባለው መንደር አንድ ምግብ ቤት ያስጠጋዋል፤ በዚያም ሽርጥ ታጥቆ ሳሕን ያጥባል። በመንደሪቱ ሹም አለ፤ ሆዱን የሚወድድ፣ ቫላንስን ሲያይ ግን የሚሸሸግ ሰው ነው። ቫላንስን የማይፈራ አንድ ሰው ብቻ ይገኛል፤ እርሱም ጆን ዌን የሚጫወተው ቶም ዶኒፎን ነው። ምክሩም አጭር ነው፦ በዚህ አገር ጠበኛህን የምትዳኘው በራስህ መሣሪያ ነውና ሽጉጥ ያዝ ይለዋል። ስቶዳርድ እኔ ልገድለው ሳይሆን ላሳስረው እፈልጋለሁ ብሎ እንቢ ይላል። አገሩም የታወከ ነው፤ ከብት አርቢዎቹ ሰፊውን ሜዳ እንደ ያዙ ለመኖር ሲሉ ገበሬዎችን ያስፈራራሉ፣ ያስገድላሉም፤ ቫላንስም የእነርሱ ቅጥረኛ ነው።

በዚህ ፊልም ውስጥ ከግጥሚያው ይልቅ የሚበልጥ ትዕይንት አለ፤ እርሱም ስለ አንድ ቁራጭ ሥጋ የተደረገው ጠብ ነው። ስቶዳርድ ለዶኒፎን የታዘዘውን ጥብስ ይዞ ሲያልፍ፣ ቫላንስ እግሩን ዘርግቶ ይጥለዋል፤ ጥብሱም መሬት ላይ ይወድቃል። ዶኒፎን ተነሥቶ «ሥጋው የእኔ ነው፣ አንተው አንሣው» ይላል። ሁለቱም ታጥቀዋል። ሁለቱም ደፋሮች ናቸው። ስለዚህም አንዳቸውም ጎንበስ ሊሉ አይችሉም፤ ከወገባቸው ያለው ብረት እንዳያጎነብሱ ከልክሏቸዋልና። የምግብ ቤቱ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዟል። በዚህ ጊዜ ምንም ያልያዘው ስቶዳርድ ተቈጥቶ ጎንበስ ይልና ሥጋውን አንሥቶ ያስቀምጠዋል፤ ለቁራጭ ሥጋ ሰው ሊገዳደል ነውን? ብሎም ይጮኽባቸዋል። ማንም አልሞተም። ከሁሉ የበረታው ዶኒፎን እንኳ በዚያች ሰዓት ያመለጠው በደካማው ሰው እጅ ነው። ፊልሙን የሚያደንቁ ሰዎች ስለዚህ ነገር ብዙ ሲናገሩ አልሰማሁም፤ ስለ ዌን ግርማ ግን ብዙ ሰምቻለሁ።

መምህር ነበርሁና ቀጥሎ የማነሣው ነገር ምናልባት ከሌላው ተመልካች ይልቅ እኔን ሳይጎዳኝ አልቀረም። ስቶዳርድ ማንበብ ለማያውቁት የመንደሩ ሰዎች ትምህርት ቤት ይከፍታል። ሕፃናትም፣ ባልቴትም፣ የዶኒፎን ጥቁር ሠራተኛ ፖምፔም፣ የምግብ ቤቱ ልጅ ሃሊም በአንድ ክፍል ተቀምጠው ስለ አገሪቱ ሕግ ይማራሉ። በጥቁር ሰሌዳው ላይ የሕግና የሥርዓት መሠረት ትምህርት ነው የሚል ቃል ተጽፏል። ወዲያው ዶኒፎን ገብቶ ቫላንስ ሽፍቶች እየቀጠረ ነው፣ ገበሬዎችም ተገድለዋል ብሎ ያወራል፤ ሠራተኛውንም ወደ ሥራህ ብሎ ያስወጣዋል። ስቶዳርድ ተማሪዎቹን ያሰናብታል፤ በሰሌዳው ላይ ያለውንም ቃል በእጁ ያጠፋዋል። ከዚያም ከመንደር ወጥቶ በስውር ባገኘው ሽጉጥ ማነጣጠር ይለማመዳል።

እነሆ የእኅቴ ልጅ ጥያቄ በፊልሙ ውስጥ። ሁከት ተነሣ፤ ሰውየው ልማዱን ለወጠ። ምን አተረፈ? ለውጡ መጀመሪያ ያጠፋው በመንደሪቱ ውስጥ ሥርዓት የሚባል ነገር የተጀመረበትን ያን አንድ ክፍል ነው። ቀጥሎም ቫላንስ የጋዜጠኛውን የፒቦዲን ማተሚያ ቤት ሰባብሮ ሽማግሌውን ደብድቦ በጣለው ሌሊት፣ ስቶዳርድ ያንኑ ሽጉጥ ይዞ፣ ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ፣ ወደ መንገድ ይወጣል። ሽጉጥ ባይኖረው ኖሮ ይወጣ ነበርን? እኔ አይመስለኝም። ወንበዴው እየሣቀ ክንዱን ያቆስለዋል። ስቶዳርድ ሽጉጡን በግራ እጁ አንሥቶ ሲተኩስ ቫላንስ ይወድቃል፤ መንደሩም ጀግና አገኘ። በኋላ ግን እውነቱ ይገለጣል፤ የገደለው በጨለማ ስርቻ ቆሞ በጠመንጃ የተኮሰው ዶኒፎን ነው። ዶኒፎን ራሱ ይህን ነገር በደም የቀዘቀዘ ግድያ ይለዋል፤ ስሙን አሳምሮ አይጠራውም።

ስለዚህ ፊልም የሚነገረው ታዋቂ ትርጓሜ ሕግ የቆመው በጥይት ላይ ነው የሚል ነው። እኔ ይህን ትርጓሜ አልቀበለውም። ፊልሙ ራሱ የሚያሳየን ሁለት ዓይነት የታጠቀ ሰው ነው፤ ያልተለማመደው ወደ መንገድ ወጥቶ ለሞት ተሰጠ፣ የተለማመደው ደግሞ ካልታየበት ቦታ ገደለ። ራሱን የተከላከለ ሰው በዚያ ሌሊት አልነበረም። ፎርድን የምነቅፈው ይህን ሁሉ ካሳየ በኋላ ስቶዳርድን አገረ ገዥ፣ ሴናተርና በእንግሊዝ አገር አምባሳደር አድርጎ ስለሚሾመው ነው፤ ተመልካችም ከሹመቱ ተነሥቶ ሽጉጡ በጀ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሥጋው ትዕይንት ግን ሹመት አላስገኘም።

ፊልም ፊልም ነው፤ ሰው በእውነተኛ መንገድ ምን ሆነ? ትል ይሆናል አንባቢዬ። በዊስኮንሲን በምትገኘው በኬኖሻ ከተማ በኦገስት 25 ቀን 2020 ዓ.ም. ሌሊት የሆነውን ላንሣ። ፖሊስ አንድ ጥቁር ሰው በጥይት ካቆሰለ በኋላ ከተማዪቱ ሦስተኛ ሌሊቷን በሁከት ላይ ነበረች። አንድ የ17 ዓመት ልጅ የሰው ንብረት እጠብቃለሁ ብሎ ጠመንጃ ይዞ ወጣ፤ ሁለት ሰዎች ገድሎ አንድ አቆሰለ። በ2021 ዓ.ም. የዳኝነት ሸንጎ ራሱን ተከላክሏል ብሎ በነፃ ለቀቀው። ዓለም ሁሉ ስለዚህ ልጅ ተከራከረ። እኔ ግን የማስበው ስለ ቆሰለው ሰው ነው። ይህ ሰው የመጣው የተጎዱትን ለመርዳት የመጀመሪያ ርዳታ መስጫ ቦርሳ ይዞ ነበር። በልብሱም ሥር ሽጉጥ ነበረው፤ የፈቃድ ወረቀቱ ጊዜው አልፎበታል። በፍርድ ቤት በሰጠው ቃል እንደ ተገለጠው መሣሪያ መያዝ የዘወትር ልማዱ ነበረ። ያን ሌሊት ጠመንጃ የያዘውን ልጅ ሲያይ ሕዝብ የሚፈጅ ነፍሰ ገዳይ መሰለው፤ ሽጉጡን በእጁ ይዞ ቀረበ። ልጁም ሽጉጥ የያዘ ሰው ሲቀርብ አየና ተኮሰበት፤ ክንዱን አቆሰለው።

አስተውል። ይህ ሰው ለሁከቱ ብሎ ትልቅ መሣሪያ አልጨመረም፤ ማክሰኞ ቀን ገበያ ሲሄድ የሚይዘውን ያዘ እንጂ። «ልማድህን አትለውጥ፣ ሁልጊዜ እንደምትይዘው ያዝ» የሚሉ መካሪዎችም አሉ፤ ምክራቸው ጨዋ ይመስላል። ኬኖሻ ግን ለእነርሱም መልስ ነው። ምክንያቱም በሰላም ቀን በልብስ ሥር ያለ ሽጉጥ ይጠቅማል የሚባለው በጥቂት ነገሮች ላይ ተደግፎ ነው። ጠላት አንድ ወይም ሁለት ነው፤ ማን እንደ ጀመረ ያየ ምስክር ይገኛል፤ ፖሊስም ይመጣል፤ ከኋላ ያለው ግድግዳ እንጂ የሰው ብዛት አይደለም። በሕዝብ ማዕበል መካከል ግን ከእነዚህ አንዱም የለም። የተሸሸገ ነገር ስለማይታይ ሕዝብን አያስጠነቅቅም፤ በተመዘዘ ጊዜ ደግሞ በዙሪያህ ያለው ሰው ሁሉ የሚያየው አንተን ነው፤ ከአንተ በፊት የሆነውን አላየም። በሰላም ቀን እንኳ ይህ ነገር ይከብዳል። በ2021 ዓ.ም. በጁን ወር በኮሎራዶ፣ አርቫዳ በምትባል ከተማ፣ አንድ ፖሊስ የገደለን ሰው አንድ ተራ ዜጋ በልብሱ ሥር በያዘው ሽጉጥ መትቶ ጣለው። ከዚያም የገዳዩን ጠመንጃ ከመሬት አንሥቶ ሳለ፣ ሮጦ የደረሰ ሌላ ፖሊስ ገዳዩ እርሱ መስሎት ተኩሶ ገደለው። ያ ዜጋ ደፋር ነበረ፣ ያደረገውም ሥራ መልካም ነበረ። የደረሰው ፖሊስ ግን የሰውን ልብ ማየት አይችልም፤ የሚያየው መሣሪያውን ነው።

የእኅቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሲሰማ «የሎስ አንጀለስ ኮሪያውያንስ?» እንደሚለኝ ዐውቃለሁ፤ ጓደኞቹ ሁሉ የሚጠቅሱት ይህን ነው። እውነትም ጠንካራ ነገር ነው። በኤፕሪል መጨረሻ 1992 ዓ.ም. ሮድኒ ኪንግን የደበደቡት ፖሊሶች በነፃ በተለቀቁ ጊዜ በሎስ አንጀለስ በተነሣው ሁከት ከ50 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ፤ የኮሪያ ተወላጆች ከሆኑት ነጋዴዎች ከ2,000 በላይ የሚሆኑ ሱቆች ተዘረፉ ወይም ተቃጠሉ። ፖሊስ ሌላውን ሠፈር ሲጠብቅ የእነርሱን ተወው። በጣራ ላይ ጠመንጃ ይዘው የቆሙት ሰዎች አንዳንዱን ሱቅ በእርግጥ አድነዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። የብዙ ዓመት ድካሙ ሲቃጠል የሚያይ ሰው ከሩቅ ሆኖ የሚመክረውን ሰው ቢረግም አልፈርድበትም። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ እነዚያ ሰዎች የቆሙት በግልጥ ነው፤ የጠቀማቸውም መታየታቸው ነው እንጂ በኪስ የተሸሸገ ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ ሱቅ ለመጠበቅ የወጣ አንድ የ18 ዓመት የኮሪያ ተወላጅ ልጅ ሞቷል፤ የመቱትም ዘራፊ የመሰላቸው ሌሎች ጠባቂዎች እንደ ሆኑ ይነገራል። እንግዲህ የእነዚያን ሰዎች ፎቶግራፍ እየለጠፉ የሚፎክሩ ሰዎች የዚህንም ልጅ ነገር ቢያነሡ መልካም ነበረ።

በግልጥ መያዝና ሸሽጎ መያዝ እንደሚለያዩ እኛም አገር እናውቀዋለን። በገጠር ሳስተምር የወላጆች ስብሰባ በተጠራ ጊዜ የሚመጡት አባቶች ጠመንጃቸውን በትከሻቸው አንግተው ይመጡና አጥሩ ላይ አስደግፈው ይገቡ ነበር። ማንም ያዘዛቸው አልነበረም፤ ነውር ስለ ሆነ ነው። በ1991 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር በ1983፣ መንግሥት ሲለወጥ ጊዜው የተረበሸ ሆነና ጠመንጃው ከአጥሩ ጠፋ፤ በምትኩም አንዳንዱ ሰው ጋቢውን እንደ ጠቀለለ፣ እጁን ከሥር እንዳደረገ ይቀመጥ ጀመር። ስብሰባዎቹ አጠሩ። ስለ ትምህርት ቤቱ ገንዘብ እንኳ የሚጠይቅ ሰው ጠፋ፤ ሁሉ «መልካም ነው፣ መልካም ነው» እያለ ይበተናል። በዚያ ሰሞን አንድም ጥይት በግቢያችን አልተተኮሰም፤ እኔ ግን ትምህርት ቤቱ በእነዚያ ወራት የተዘጋ ያህል ነበረ እላለሁ።

ለእኅቴ ልጅ የጻፍሁለት መልስ ይህ ነው። ሁከት ሲነሣ ልማድህን ለውጥ፤ የምትለውጠው ግን የመንገድህን ልማድ ይሁን። ወይ መሣሪያውን ወይ መንገዱን ምረጥ፤ ሁለቱን በአንድ ሌሊት አትያዝ። የታጠቅህ እንደ ሆንህ ሕዝብ ወደ ተሰበሰበበት አትሂድ፤ ሰልፉ የምትወድደው ቢሆን እንኳ። ለመርዳት፣ ወይም ለሰልፍ፣ ወይም የወደቀ ለማንሣት የግድ የምትሄድ ከሆነ፣ ሽጉጡን በቤትህ ቆልፍበት። የሕጉንም ነገር እወቅ፤ የቨርጂኒያ ፈቃድህ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ አይሠራልህም፤ በዚያ ከተማ የራሷ ፈቃድ ያለው ሰው እንኳ በሰልፍ አቅራቢያ ሽጉጥ መያዙ የተገደበ ነው። ቴክሳስን ከመሰሉ ጥቂቶች በቀር በአብዛኞቹ ክፍላተ ሀገራቸው ለዕቃ ብቻ ተብሎ ሰው መግደል አይፈቀድም። ከተማው የሚታወክ ከመሰለህ በቀን ዝጋ፤ ገንዘቡንና የሒሳብ መዝገቡን ይዘህ ወደ ልጆችህ ሂድ። ትርፍ ካዝና ከመግዛትህ በፊት የኢንሹራንስ ውልህን አውጥተህ አንብብ፤ በሁከት የሚደርስን ጉዳት ይከፍላል ወይስ አይከፍልም? በሎስ አንጀለስ ከተቃጠለባቸው ኮሪያውያን ብዙዎቹ ዋስትና አልነበራቸውም፣ ወይም የነበራቸው የማይረባ ነበር፤ ጣራ ላይ ያወጣቸውም አንዱ ነገር ይኸው ነው። በቤትህ ሳለህ፣ ሚስትህና ልጆችህ ከኋላህ ሆነው በር የሚሰብር ቢመጣስ? ያን ጊዜ ምክር አልሰጥህም፤ ያ ነገር ከልማድ ጥያቄ ውጭ ነው።

ልጁ መልሼን ተቀብሎ እንደ ሆነ እስካሁን አልጻፈልኝም። አንድ ነገር ብቻ ተቃወመ፤ «እርስዎ የሚሉት ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ቢገባ መንገዱ የክፉዎች ይሆናል» አለ። ይህ የዶኒፎን ቃል ነው፤ ቀላልም አይደለም። መንገዱን ማን ይጠብቅ ለሚለው ጥያቄ የሺንቦን ሹም ዓይነት መልስ ሰጥቶ መሸሸግ አይቻልም። ፖሊስን ማስገደድ፣ ከንቲባን በምርጫ መሻር፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተነጋግሮ ሠፈሩን በጋራ ማየት፣ እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት ከሁከቱ በፊት ነው፤ በዚያው ሌሊት ግን ለአንድ ባለ ሱቅ የሚደርሱለት አይሆኑም። በዚያ ሌሊት ሱቁ ሊቃጠልበት ይችላል። ይህን ለልጁ ሳልሸሽግ ጽፌለታለሁ።

ወደ ፊልሙ ተመልሼ አንድ የቀረኝን ልናገር። ፊልሙ የሚጀምረውም የሚፈጸመውም በዶኒፎን ሬሳ ላይ ነው። ሸምግሎ፣ ደኽይቶ፣ ተረስቶ ሞቷል። ስቶዳርድ ሣጥኑን ከፍቶ ሲያይ ጫማውን አውልቀውበታል፤ ተቈጥቶም ጫማውን፣ የሽጉጥ ቀበቶውንም አድርጉለት ብሎ ያዝዛል። በዚህ ጊዜ የቀድሞው ሹም ቶም ከብዙ ዓመት ጀምሮ ሽጉጥ መታጠቅ ትቶ ነበር ይለዋል። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አይነገርም።

ፎርድ ለግጥሚያው ሁለት ጊዜ ጨለማ መንገድ ሠርቷል፤ አንድ ጊዜ ከስቶዳርድ በኩል፣ አንድ ጊዜ ከዶኒፎን በኩል አሳይቶናል። በምዕራብ ምድር ከሁሉ ፈጥኖ የሚተኩሰው ሰው፣ ገና አገሩ ሳይረጋ ይሁን ከረጋ በኋላ፣ ቀበቶውን ፈትቶ በምስማር ላይ የሰቀለበትን ቀን ግን አላነሣም። በማግሥቱ ወደ መንደር ሲወርድ ወገቡ ቀሎት ነበር ወይስ ከብዶት? በምግብ ቤቱ ሰዎች ምን አሉት? ጠላቶቹስ በመንገድ ሲያገኙት? ፊልሙ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ለዚህ ነገር የተሰጠው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ እርሱም ከአንድ ሽማግሌ አፍ፣ በሣጥን አጠገብ።